«ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጥኩበት ባንክ ከለከለኝ»

ደብዳቤው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጸሐፊው ሆዱ ብሶት ረዘም አድርጎ ጽፏል። ፈቃዱን ጠይቄ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 41 ነው። በዲቪ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኡበርና ሊፍት እነዳለሁ። ባለፈው ወር የመኪናዬ ትራንስሚሽን ሄደና 12 ቀን ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የ10 ሺህ ዶላር ክሬዲት ላይን ቢኖረኝ ብዬ ያሰብኩት። ሲቸግረኝ እየሳብኩ፣ ሲኖረኝ እየመለስኩ። ከመጣሁ ጀምሮ አካውንት ያለኝ ባንክ ሄጄ አፕላይ አደረግኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ነበር የተቀበለችኝ። በሳምንቱ ‹ልናጸድቅልዎ አልቻልንም› የሚል ወረቀት በፖስታ መጣ። ሦስት ምክንያት ጽፈዋል፤ ገቢዎ ለጠየቁት መጠን አይበቃም፣ የክሬዲት ታሪክዎ አጭር ነው፣ ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ አለ። እኔ በሕይወቴ አዘግይቼ አላውቅም! ኪራይ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው የምከፍለው። እቁብ እጥላለሁ፣ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ገንዘቤን ያስቀመጥኩበት ባንክ እንደማያውቀኝ ሆነ። አንዱ ጓደኛዬ ሌላ ሦስት አራት ባንክ ሞክር ይለኛል። ሌላው ደግሞ 800 ዶላር ተቀብሎ ክሬዲት የሚያጸዳ ሐበሻ አለ ይላል። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ወረቀቱ ዳሽቦርድ ውስጥ ነው ያለው። አፈርኩ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ታናሼ ስለሆንክ አንተ ልበልህ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት 11 ዓመት አንድ ክሬዲት ዩኒየን (አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የቁጠባና ብድር ተቋም) ብድር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አንተ የደበቅከውን ዓይነት ወረቀት ለሰው እየላክኩ ነው የኖርኩት። ሰው እንዴት እንደሚያነበውም አውቃለሁ። «አልቻልንም» እስከሚለው ድረስ ያነባል። ከዚያ ፊቱ ይለዋወጥና አጥፎ ኪሱ ይከታል። በደቃቅ ፊደል ወደታች የተጻፈውን ዓይቶ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ቁም ነገሩ እዚያ ደቃቁ ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ሥራ ስትጨርስ አውጣው። አንተ ምክንያቶቹን ስላነበብክ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። አሁን ቀጥለህ የአንድ ቢሮ ስምና አድራሻ ፈልግ። ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስ ወይም ትራንስዩኒየን ይላል። ባንኩ ስላንተ የጠየቀው እነሱን ነው። ከ300 እስከ 850 ባለው መካከል አንድ ቁጥር ታገኛለህ፤ ስኮርህ ነው፣ በዕዳ አከፋፈልህ የተሰጠህ ነጥብ። ስኮርህን አይተው ከከለከሉህ ቁጥሩን ሊነግሩህ ይገደዳሉ። ከዚያ በታች በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቅክ ያ ቢሮ ሪፖርትህን፣ ማለት ስላንተ ዕዳና አከፋፈል የያዘውን መዝገብ፣ በነጻ ይሰጥሃል የሚል አለ። ይህ የሕግ መብትህ ነው። 60 ቀኑ ደግሞ ወረቀቱ ዳሽቦርድ ውስጥ ተኝቶም ይቆጠራል።

የሌሎቹንም የሁለቱን ቢሮዎች ሪፖርት አውጣ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በየሳምንቱ እንኳ ብትጠይቅ በነጻ ነው። የካርድ ቁጥር ከጠየቀህ የተሳሳተ ገጽ ላይ ነህ፤ ዝጋው።

አሁን ወደ ቁጭትህ ልምጣ። «ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጥኩበት ባንክ» ብለሃል። ያናድዳል፣ እውነትህን ነው። ግን የሰፈራችንን ባለሱቅ አስታውስ። ዱቤ የሚጽፍበት፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነበረው። በእጅህ ገንዘብ ከፍለህ የወሰድከው ስኳር ደብተሩ ላይ ይጻፍ ነበር? አይጻፍም። ደብተሩ ላይ የሚገባው በዱቤ ወስደህ የከፈልከው ወይም ያልከፈልከው ብቻ ነው። እነዚህ ሦስት ቢሮዎች የአሜሪካ የዱቤ ደብተር ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምክበት አካውንት የእጅ በእጅ ግብይት ስለሆነ ደብተሩ ላይ የለም። ኪራይህም አከራይህ ካላስመዘገበው በቀር የለም። እቁብህም፣ እድርህም፣ ለእናትህ በየወሩ የምትልከውም የለም። አንተ በሐበሻ ዓይን የታመንክ ሰው ነህ። ደብተሩ ላይ ግን ገጽህ ባዶ ሊባል ጥቂት ነው የቀረው። «የክሬዲት ታሪክዎ አጭር ነው» ያሉህ ይህንን ነው። ካንተ ጠባይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሕይወቴ አዘግይቼ አላውቅም ብለሃል። እኔ ባሳጠርኩት ክፍል ውስጥ ግን በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር ነበረች። «ያጎቴ ልጅ በ2022 መኪና ሲገዛ ፈርሜለታለሁ፣ ግን እሱ ራሱ ነው የሚከፍለው» ብለህ ጽፈሃል። እዚህች ጋ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ።

ወንድሜ፣ ኮሳይን አደረግክ ማለት ያ መኪና ሙሉ በሙሉ ያንተም ዕዳ ነው። ልጁ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ መዘግየቱ በሱም ባንተም ስም ደብተሩ ላይ ይሰፍራል። ከሰፈረ ሰባት ዓመት ይቆያል። በአብዛኛው ግዛት አበዳሪው ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ አንተ ጋ መምጣት ይችላል። መኪናውን ቢወስዱት እንኳ በዚያ አያበቃም። በሐራጅ በርካሽ ይሸጡትና ቀሪውን ከነወጪው ይጠይቁሃል። ወርሃዊ ቢሉ ብዙ ጊዜ የሚላከው ለልጁ ስለሆነ አንተ አንድም ወረቀት ላታይ ትችላለህ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄው ነው።

አልፈርድብህም። እኔ ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሰውን «ኮሳይን አታድርጉ» ስመክር ውዬ ማታ ለእህቴ ልጅ ፈርሜያለሁ። እህቴ ምን ትለኛለች ብዬ፣ ገና ለገና። ሁለት ወር አለመክፈሉን ያወቅኩት የራሴን መኪና ልቀይር ስሄድ ነው። ወለዱን ሲነግሩኝ ሻጩን «የሌላ ሰው ወረቀት ነው የያዝከው» አልኩት። የኔው ነበር።

ስለዚህ ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ የዚያን መኪና ብድር ፈልግ። ወር በወር በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ ታገኘዋለህ። 30፣ 60 የሚል ቁጥር ያለበት ሣጥን ካለ ነገሩ እሱ ነው። ካለ፣ ልጁን ከመቆጣትህ በፊት አበዳሪው ጋ ደውል። አሁን ውዝፍ አለ ወይስ ተስተካክሏል? ብድሩን በኢንተርኔት ማየት እንድትችል የራስህን መግቢያ ክፈት። ክፍያ ሲያልፍ በስልክህ መልእክት እንዲመጣልህ አድርግ። መብትህ ነው፣ ዕዳው ያንተ ነውና። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ዘግይቶ አሁን በደንብ እየተከፈለ ከሆነ ለአበዳሪው አጠር ያለ የትሕትና ደብዳቤ ጻፍ። እንዲሰርዙልህ ለምን። ግዴታ የለባቸውም፤ አንዳንዶቹ ግን ያደርጉታል።

ከዚያ ወደ ልጁ። በስልክ አትጀምረው፣ ጥሬ ሥጋ ላይ ወይም ቡና ላይ ይሁን። «ለምን አላልከኝም» ብለህ አትነሳ። «ዓመታት ከፍለሃል፣ አሁን ያንተም ስኮር ራሱን ችሏል፣ ብድሩን በራስህ ስም ብቻ እናዙረው» በለው። ሪፋይናንስ ማለት ነው። አንተ ከዚያ ወረቀት የምትወጣበት ዋናው በር እሱ ነው። መኪናው ካልተሸጠ ወይም ዕዳው ካላለቀ በስተቀር ሌላ መውጫ እምብዛም የለውም።

እንዲያም ሆኖ የልጁ ክፍያ ንጹሕ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ያኔ ሁለተኛ ጥርጣሬ አለኝ። ስማችን። እዚህ አገር የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል። ወልደ ሚካኤል የሚል ስም አንዱ ቦታ አንድ ላይ፣ ሌላው ቦታ ለሁለት ተሰንጥቆ ይገባል። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ባንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። የተወለዱበት ቀን ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተባለላቸው ወገኖቻችንም አሉ። ታዲያ ስምና የአባት ስም የገጠመ ሰው ፋይሉ ቢቀላቀል ይገርምሃል? አንዲት ደንበኛዬ ቴክሳስን በእግሯ ረግጣ የማታውቅ፣ የቴክሳስ ሆስፒታል ዕዳ ሪፖርቷ ላይ ተቀምጦ አግኝታለች። ስሟ ነው። ዕዳው የሌላ ሴት ነበር።

እንዲህ ያለ ካገኘህ ለቢሮው ዲስፒዩት፣ ማለት «ይህ ስሕተት ነው» የሚል መቃወሚያ፣ ጻፍ። በነጻ ነው። የመታወቂያህንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድህን ቅጂ፣ ስሕተቱ ላይ ያከበብክበትን ገጽ አያይዝ። ኦሪጅናል እንዳትልክ። ደረሰኝ ባለው ፖስታ ላከው። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። በኢንተርኔትም ይቻላል። እኔ ግን ወረቀት እወዳለሁ። ማስረጃ እጅህ ላይ ይቀራል።

ወደ ገቢው ልለፍ። እዚህ ላይ ሾፌሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትገቡት።

ታክስ ያሠራህበትን ወረቀት አውጣና ስኬጁል ሲ የሚለውን፣ የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ቅጽ፣ ፈልግ። መስመር 31ን እይ፤ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነው። አበዳሪው ገቢህ ብሎ የሚያየው ያንን ነው። ለምሳሌ በ2025 61 ሺህ ዶላር ሠራህ እንበል። 38 ሺህ ማይል ነድተሃል። አይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ለዚያ ዓመት በማይል 70 ሳንቲም ስለሚፈቅድ 26,600 ዶላር ተቀነሰልህ። የኡበር ድርሻ፣ ስልክ፣ ቶል (የመንገድ ክፍያ) ሌላ 5,400 ወሰደ። መስመር 31 ላይ የቀረው 29 ሺህ ነው። ታክስ ስትሠራ «ጎሽ፣ ጥሩ ወረደልኝ» ብለህ ደስ ብሎህ ወጥተሃል። ባንኩ ደግሞ በወር 2,400 ዶላር የሚያገኝ ሰው ነው ያየው። ከዚያ ላይ ኪራይህን ቀንስ። የመኪናህን ክፍያ ቀንስ። ያጎትህን ልጅ የመኪና ክፍያም ቀንስ፣ እሱም ባንተ ስም ነው የሚቆጠረው። ለ10 ሺህ ዶላር ምን ተረፈ?

አትሳሳት፣ ማይሉን አትጻፍ እያልኩህ አይደለም። ተገቢህ ነው። ያ 26 ሺህም ኪስህ ውስጥ የተደበቀ ገንዘብ አይደለም። ከፊሉ ቤንዚን ነው፣ ከፊሉ መኪናው ራሱ እያለቀ ነው። ትራንስሚሽንህ ባለፈው ወር የነገረህ ይህንኑ ነው። ማመልከቻ ላይ ቁጥር ከፍ አድርገህ ጻፍ የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ አትስማው። ለባንክ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ የፌዴራል ወንጀል ነው። የምልህ ሌላ ነው። 10 ሺህ መጠየቅህ ራሱ አስከለከለህ። ትራንስሚሽን ለማሠራትና ሁለት ሳምንት ለመቀለብ 10 ሺህ አያስፈልግህም። 2 ወይም 3 ሺህ ብትጠይቅ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ሌላም ልንገርህ። ያለ መያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ላይን ባንኮች ራሳቸው የሚሳሱበት ነገር ነው። ዌልስ ፋርጎ በ2021 የነባር ደንበኞቹን ሳይቀር ልዘጋ ነው ብሎ ስንቱን አስደንግጦ ነበር። ወለዱም አብዛኛውን ጊዜ ተለዋዋጭ ነው፤ የአገሪቱ ወለድ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። አንተ የተከለከልከው የክሬዲት ካርድ ያህል በቀላሉ የሚገኝ ነገር ስላይደለ ብዙም አትሸማቀቅ።

የጓደኞችህ ምክር። ሌላ ሦስት አራት ባንክ ሞክር ያለህ ክፉ አላሰበም። ግን አፕላይ ባደረግክ ቁጥር መጠየቅህ ደብተሩ ላይ ይጻፋል፣ ሁለት ዓመትም ይቆያል። የመኪናና የቤት ብድር ሲሆን በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ቦታ ብትጠይቅ እንደ አንድ ይቆጠርልሃል። ለክሬዲት ላይን ይህ የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል። አንዱ ጥያቄ የሚቀንሰው ጥቂት ነጥብ ነው። አራት ሲሆን፣ ያውም ባዶ ሊባል በቀረበ ገጽ ላይ፣ የተራበ ሰው ያስመስልሃል። ስኮርህን ሳይነካ አስቀድሞ የሚነግርህ ቦታ አለ። «ሶፍት ፑል ነው?» ብለህ ጠይቅ። አይደለም ካሉህ አመስግነህ ውጣ።

የ800 ዶላሩ ሰውዬስ? ከሥራው በፊት ገንዘብ መቀበሉ በራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ክሬዲት የሚያስተካክል ድርጅት የሚከፈለው ያለውን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እውነተኛ የሆነን መዘግየት ማንም አይፍቀውም፤ የሐሰቱን ደግሞ አንተው በቴምብር ዋጋ ታስፍቀዋለህ። «አዲስ ቁጥር አወጣልሃለሁ፣ በሶሻልህ ምትክ ተጠቀምበት» ካለህ ስልኩን ዝጋ። በዚያ የሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም፣ አንተም ነህ። ሐበሻ ስለሆነ ብቻ ማመን ስንቱን እንዳስለቀሰ አንተም ሳትሰማ አትቀርም።

የመኪናህን ባለቤትነት ወረቀት አስይዘህ መበደርም እንዳይታሰብህ። መኪናው ሥራህ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። አባል መሆን የምችልበትን ክሬዲት ዩኒየን እፈልጋለሁ። የፌዴራሎቹ የብድር ወለድ ጣሪያ 18 በመቶ ነው፤ አንዳንድ ለአነስተኛ ብድር የተፈቀደላቸው ሲቀር። እቁቡ ሲደርሰኝ ከሱ ላይ 2 ሺህ ዶላር እዚያ አስቀምጥና እሱኑ መያዣ አድርጌ እበደራለሁ። «የራሴን ገንዘብ መልሼ ልበደር?» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ፊቴ ስቋል። ግን ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ እንቢ የሚሉበት ምክንያት እምብዛም የለም፣ ስትከፍል ደግሞ ደብተሩ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ለቢሮዎቹ ሪፖርት ማድረጋቸውን ግን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ካላደረጉ ምን ዋጋ አለው። ጎን ለጎን በ300 ዶላር ማስያዣ የሚሰጥ ካርድ አውጣ። ቤንዚን ብቻ ቅዳበት። ወር ሲሞላ ሙሉውን ክፈል። ከ300ው ውስጥ 90 ሳታልፍ ቢሉ እንዲወጣ አድርግ፤ አፍንጫው ድረስ የሞላ ካርድ በሰዓቱ ብትከፍለውም ስኮር ይጎትታል። ስኮር ላይ ትልቁ ነገር በሰዓቱ መክፈል ነው፤ በፊኮ (በብዙ አበዳሪዎች ዘንድ በሚሠራበት የስኮር ቀመር) አቆጣጠር 35 በመቶውን ይይዛል። ቀጥሎ ምን ያህል ዕዳ ተሸክመሃል የሚለው 30 በመቶ ነው። በሰዓቱ መክፈሉን እቁብ አስተምሮሃል። የቀረህ በሚታይበት ቦታ መክፈል ነው።

ከስድስት እስከ 12 ወር ስጠው። ከዚያ 3 ሺህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለቤትህ።

ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እሷ የጻፍከው ጥቂት ነው። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ደሞዝተኛ ሆና ስድስት ዓመት እንደሠራች፣ ካርድም እንዳላት ጠቅሰሃል። በዚህ አገር የባልና የሚስት የክሬዲት ፋይል ለየብቻ ነው። ተጋብታችሁ አንድ አልጋ ላይ ብትተኙም እዚያ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰው ናችሁ። ያንተ መዘግየት እሷን አይነካትም። ያገባች ሴት በራሷ ስም ክሬዲት ስትጠይቅ «ባልሽ የት አለ» እንዳትባል የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1974 ነው። ከዚያ በፊት ለአሜሪካኖቹ ሴቶች ራሱ ቀላል አልነበረም።

እሷ በየሁለት ሳምንቱ ቼክ አላት። መስመር 31 አይመለከታትም። ስድስት ዓመት በሰዓቱ የተከፈለ ካርድ ካላት ገጿ ሞልቷል። ፈቃደኛ ከሆነች አንተን ካርዷ ላይ ተጠቃሚ አድርጋ ብታስገባህ የካርዱ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያንተም ሪፖርት ላይ ይወጣል። ለአጭር ታሪክ ከዚህ የፈጠነ መድኃኒት አላውቅም። ካልፈለገች ደግሞ አትጫናት፣ አንተ ለአጎትህ ልጅ የፈረምክበትን አስታውስ።

ማታ ወረቀቱን ይዘህ ግባ። ራት ከበላችሁ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘርጋውና «ይሄን አብረን እናንብበው» በላት። የእሷንም ሪፖርት በዚያው አውጡ፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ የምፈራው ስኮሯ ያንተን በመቶ ነጥብ በልጦ ስትስቅብህ ነው። ውጤቱን ጻፍልኝ፤ ያጎትህ ልጅ ምን እንዳለም ጨምረህ።